የኸዋጃው አራተኛ ልጅ

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን ሁሉ በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ዕድሜዬ ስምንት ይሁን ዘጠኝ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ቦታው ግን ካርቱም፣ ጀብራ ሠፈር፣ ከወሎ የመጣን ጥቂት ቤተሰቦች ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ነው። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ፋኖስ ይለኮሳል፤ የጠፍር አልጋዎች ወደ ግቢው መሀል ይወጣሉ፤ የራቱ ፍም ሳይከስም የግቢያችን አዛውንት እማማ ዘሃራ ወሬያቸውን ይጀምራሉ።

የሚያወሩት ከእኛ ቀድመው እዚህ የኖሩት እናታቸው በሞግዚትነት ስላገለገሉት እንግሊዛዊ ነበር። ስሙን አንዴ ቢነግሩንም ኸዋጃው ይሉታል፤ ፈረንጁ ማለት ነው። እንግሊዞች አገሩን በያዙ ሰሞን መጥቶ ዓባይ ዳር ሎሚ ተከለ። የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ሚስቱ ልጆቿን ሰብስባ ጠረጴዛ ሥር ስትገባ፣ እሱ ባርኔጣውን በገመድ አገጩ ላይ አስሮ ችግኞቹን ሊያቅፍ ይሮጣል።

ሌላው ሲስቅ እኔ እቆጥር ነበር። አንዳንድ ማታ የኸዋጃው ልጆች ሦስት ናቸው። አንዳንድ ማታ ግን አራት ይሆናሉ፤ ያኔ «የመጨረሻውን እናቴ ነበረች አቅፋ የምታስተኛው» ይሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ሌላ ያልፋሉ። በደብተሬ ጀርባ የየማታውን ቁጥር፣ ወሬውን ማን ማን ተቀምጦ እንደሰማም ሳይቀር መዘገብኩ።

አንድ ማታ ተነሥቼ ለሁሉም አነበብኩት። «ሰባት ጊዜ ሦስት፣ አምስት ጊዜ አራት ብለዋል። የትኛው ነው እውነቱ?»

ዐማራት በሚባለው ሠፈር ሰው ቤት የምትሠራው፣ አንዳንዴም እዚያው የምታድረው ጎረቤታችን ሰዓዳ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ከት ብላ ሳቀች። «ወላሂ ጉድ ነው። አንዱን ጅብ በላው እንዴ፣ እማማ?»

እማማ ዘሃራ እሷን አዩ፤ ቀጥለው እኔን።

«ሦስት ናቸው፣ ልጄ» አሉ። «እርጅና ነው፤ እቀባጥራለሁ።»

ግቢው ሳቀ። እኔም ኮራሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬ በጀመሩ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ናቸው?» የሚል አልጠፋም፤ ቀስ በቀስ በጊዜ እየገቡ መተኛት ጀመሩ። ገዳሪፍ ወዳለች እህታቸው ሲሄዱ ጓዛቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅማ።

ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ፣ እናቴ ታናሽ እህቴን አርግዛ ሳለች ነው። ጎረቤት ቤት ስለሞተ ጨቅላ ላወራት ስጀምር አፌን በእጇ ያዘችው።

«ነፍሰ ጡር ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም።»

ደብተሩን ፈልጌ ገለጥኩት። ሦስት በተባለባቸው ማታዎች ሁሉ ሰዓዳ ነበረች፤ አራት በተባለባቸው አንድም ጊዜ አልነበረችም። እማማ ዘሃራ ሰዓዳን ከሚያስደነግጡ ውሸታም መባልን መርጠዋል። ከወሬያቸው ብዙው ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ «እቀባጥራለሁ» ያሉበት ድምፅ ግን አልጠፋም፤ በሰማሁት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ይህም የኔ ግምት ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ። ስለዚህ ቤተሰባችን ካርቱምን ከመልቀቁ በፊት የውጭ ዜጎች መቃብር ሄድኩ። የኸዋጃውን ስም ከወሬው ስለማውቀው ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከእሱ ጎን ከጉልበቴ የማያልፍ ድንጋይ ቆሟል፤ የልጁና የአባቱ ስም ተቀርጾበታል። ልጁ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው።