ሬዲዮ የቆለፋት ሱቅ፦ ከኮዬ ፈጬ ቃሊቲ ደርሶ መልስ

ንጋት፣ ኮዬ ፈጬ

ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ መሬት ስረግጥ ግማሹን መንገድ የጨረስኩ ይመስለኛል። አሳንሰር ይገጠማል ከተባለ ቆየ፤ እስኪገጠም ድረስ እኔ በሌላ መንገድ ወደ ላይ ሳልሄድ አልቀርም።

የሰኔ ጭቃ፣ ረጅም የታክሲ ሰልፍ፣ ቆመው የሚያንቀላፉ ሠራተኞች። ያለችኝን አንዲት ኮት ለብሻለሁ፤ የምሄደው ለሽምግልና ነው። ያስታረቅኳቸው ባልና ሚስቶች አብዛኞቹ ተፋተዋል፤ ያልተፋቱትም ሁለተኛ እኔን አልጠሩም።

ጉዳዩ ይኸውላችሁ። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሳሙና፣ የምግብ ሳህንና ፔርሙዝ ይሸጣል። ኮንዶሚኒየም ሳይደርሰኝ በፊት ጎረቤቱ ነበርኩ። ዘንድሮም እንደ ሁልጊዜው ለአረፋ በዓል አገሩ ገባ። እሱ ብቻ አይደለም፤ በአረፋ ሰሞን የስልጤ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ወደ ወላጆቹ ስለሚሄድ የሸምሱ መደዳ ሱቆች በሙሉ ይዘጋሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ከመደዳው ፊት ያለው አውቶቡስ መጠበቂያ ጋ ቦምብ ፈነዳ። ሎሚ የምትሸጥ ብርቄ የምትባል ሴት ሞተች፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ማን እንዳደረገው እስካሁን አልታወቀም።

ይሄኔ ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ጻፈ፦ «የዚያ መደዳ ሱቆች በዚያን ቀን ለምን ተዘጉ? አስቀድመው ያውቁ ነበር!» ስሙን የማልጠራው አንድ የኤፍኤም ጣቢያ በጠዋቱ የውይይት ፕሮግራም ሳያላምጥ አነበበው። ሌላው ጣቢያ ደግሞ «ሬዲዮ እንደዘገበው» ብሎ ደገመው። የብርቄን ስም ግን አንዳቸውም አልጠሩም።

ሸምሱ ሲመለስ በእሱ ጓጉንቸር ላይ የአከራይዋ ጓጉንቸር ተደርቦ ጠበቀው። ዛሬ ዕቃህን አውጣ ተብሏል።

ቱሉ ዲምቱ

ከከባድ መኪኖች መሃል ገብተን ቆምን። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«አባባ፣ ኮቷ አምራለች። ሰርግ ነው?»

«ሽምግልና።»

«ለራስዎ እንዳይሆን!»

«ለራሴማ ማን ይሰጠኛል?»

ታክሲው ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ቃሊቲ ስለፈነዳው ቦምብ ወሬ ተነሳ። ሾፌሩ፣ «ባለሱቆቹ ያውቁ ነበር አሉ እኮ» አለ።

«ማን አለ?»

«ሬዲዮ ነዋ።»

«ለሬዲዮውስ ማን ነገረው?»

«እሱን ሬዲዮውን ይጠይቁት እንጂ እኔን ምን ያደርቁኛል!»

እውነቱን ነው። የመቆጣት መብቴን ትቼ ስልኬ ላይ ባትሪ መኖሩን አየሁ።

ረፋድ፣ ቃሊቲ

የባቡሩ መጨረሻ፤ የፋብሪካ ጭስ፤ መጋዘን ለመጋዘን ተያይዞ። አንድ ጉርሻ ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ፤ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ሐኪሙ ግን ቃሊቲ አልነበረም። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አስፋልቱ ጠቁሯል። ብርቄ ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያልፋል።

ሸምሱ የተቆለፈችው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጠያቂዎች ፌስታላቸውን ይዘው በፊቱ ያልፋሉ፤ የሚያውቁትም አንገታቸውን ያቀረቅራሉ።

«ጋሼ፣ ዕቃውስ ይውጣ» አለኝ። «ግን ‹ቦምብ ያውቅ ነበር› ተብሎ የተባረረን ሰው ሌላ ማን ሱቅ ያከራየዋል?»

አከራይዋ ወይዘሮ ጫልቱ ቤተሰቦቻቸው እዚሁ ያርሱ ነበር። ከእርሻው የተረፈችው ግቢያቸው ናት፤ በመንገዱ በኩል ሱቆች ሠርተውባታል። በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ስመልስ ሳቃቸው መጣ፤ ለሽምግልና ጥሩ መነሻ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ይለፈልፋል።

«ወይዘሮ ጫልቱ፣ ሸምሱ በየዓመቱ ለአረፋ እንደሚሄድ አያውቁም?»

«ሳላውቅ! ሲመለስ ቅቤ የሚያመጣው ለማን ሆነና? የዘንድሮውም ያው ጓዳ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሬዲዮ ተናገረ! እኔ የማውቀው አንድ ሸምሱን ነው። እነሱ ስንቱን ያውቃሉ!»

ሸምሱ መሬት መሬት ያያል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለዚያው የጠዋት ፕሮግራም ደወልኩ። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሳ።

«አባባ፣ አየር ላይ ነዎት! ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።»

ወይዘሮ ጫልቱ ቀነሱ። ኮቴን አስተካከልኩ፤ በዚህ ዕድሜ ታዋቂ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

«ስለ ሱቆቹ ነው የደወልኩት» አልኩ።

«አካባቢውን ያውቁታል? ሱቆቹ በዕለቱ ተዘግተው ነበር ወይስ አልነበሩም?»

«ተዘግተው ነበር፤ ግን—»

«ተዘግተው ነበር! አድማጮቻችን፣ የዓይን እማኙ አባት አረጋግጠውልናል። እናመሰግናለን አባባ!»

ስልኩ ተዘጋ። ቦምቡ የፈነዳ ቀን እኔ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበር።

«እንዴ!» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚሠሩት?»

ሬዲዮው ላይ ቀጣዩ ደዋይ ገባ። «እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። አንደኛዋ ሱቅ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ነው ያለው። ሁለት! አከራይዋም አሉበት ማለት ነው።»

«በጣም የሚገርም መረጃ ነው» አለ አቅራቢው። «እኛ አላልንም፤ ያሉት አድማጭ ናቸው። ግን ያጠያይቃል።»

ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላቸውን እንደያዙ ቀሩ። «እኔን ነው? እኔ ምን በወጣኝ! ጓጉንቸሯን ያደረግኳት እኮ ከሬዲዮው በኋላ ነው!»

መሬት መሬት ሲያይ የነበረው ሸምሱ ቀና አለ።

«እማማ፣ አይስጉ። የጠየቀ ቢመጣ እኔ እመሰክርልዎታለሁ።»

ወይዘሮ ጫልቱ ተነሡ፤ ከወገባቸው ቁልፍ ፈተው እየቀደሙን ወጡ። ጓጉንቸሯን በራሳቸው እጅ ከፈቱና ሸምሱን፣ «ግባ፤ አቧራህን ጥረግ» አሉት። በፍርሃት ይሁን በሐፍረት አልጠየቅኳቸውም። ሽማግሌ ውጤቱን ካገኘ ቶሎ መውጣት አለበት፤ እኔ ደግሞ ውጤት ሳገኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሸምሱ ሳህኖቹን እየወለወለ ደረደረ። በዋልኩበት ሰዓት ሁሉ ግን ሊገዛ የገባ ሰው አላየሁም። ጠያቂዎቹ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ያልፋሉ።

አመሻሽ፣ ወደ ኮዬ

ታክሲው ጢም ብሏል፤ ጉልበቴ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጆንያ ላይ ነው። የጠዋቱ ፕሮግራም በድጋሚ ይተላለፋል። «ተዘግተው ነበር» የሚለው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ይኸው! ሽማግሌው ራሳቸው አመኑ» አለ ከኋላ ያለ ሰው።

«ሽማግሌውም ከነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለ ሌላው። «ድምፃቸው ራሱ ያጠራጥራል።»

አንገቴን ኮቴ ውስጥ ቀበርኩ። ቦታዬ ደረሰ። በምልክት ለመውረድ እጄን ባወዛውዝ ረዳቱ ሰላምታ መሰለውና እጁን አውለበለበልኝ። ሰፈሬ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየሁ። መቼስ ምን አደርጋለሁ፤ ጮኽኩ።

«ወራጅ አለ!»

ታክሲው ቆመ፤ አንገት ሁሉ ዞረ። ጆንያዋን ያቀፈችው ሴት አተኩራ አየችኝ።

«አባባ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔው ነኝ።»

«‹ግን› ብለው ነበር እኮ። ከዚያ ምን ሊሉ ነበር?»

አንድ እግሬ ጭቃው ላይ፣ አንዱ ታክሲው ላይ ሆኖ ነገርኳቸው። አረፋን፣ መደዳውን፣ ሸምሱን። ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክሳቸውን ይለቁብናል፤ ሾፌሩ ግን አልነዳም።

«አረፋ ላይ እንደሚዘጉማ እኛም እናውቃለን» አለ የቅድሙ ሰውዬ፤ ድምፁ ቀነስ ብሏል። «ማን የማያውቅ አለ?»

ሴትየዋ ጆንያዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ወንድሜ እዚያ ታስሯል። ነገ መጠየቂያ ቀኔ ነው፤ ሳህን መግዛት ነበረብኝ» አለች። «ሱቁ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው» አልኳት፤ ወረድኩ።