ስለሌለ ሰው የተፈረመ ውል

ልጅ ሳለሁ ወንድሜን ገደሉት። እርቅ ከወረደ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

አገራችን ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ወንድሜ ሙሉዓለም በእርሻ ድንበር ከጎረቤታችን ጋር ተጣልቶ በዱላ መታው፤ ሰውየው ሞተ። ወንድሜ ሸሽቶ በሽሎ በረሃ ወረደ።

በዚያ ሰሞን የእናቴ ወንድም እኛ ዘንድ ከረመ። አስተማሪ ነበር። ያኔ ራት ከተበላ በኋላ እኔንና እህቴን ጥሩን ምድጃ ዳር አስቀምጦ የሚያወራልን ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም፤ ስለ አገሮች ነበር። ኩራዙ እየተርገበገበ፣ የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እያስነባው፣ ሁለት መንግሥታት በአንድ ወንዝ ሲጣሉ፣ የአንበጣ መንጋ ድንበር ሳይጠይቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ በመጨረሻ ሁሉም ታክቷቸው አንድ ጠረጴዛ ሲከቡ ይተርክልናል። ድንበሩን በአመዱ ላይ በጭራሮ ያሰምረዋል።

«ያ ሁሉ ሕዝብ ይፈርማል?» አልሁት።

«የለም። አንድ ሰው ነው፤ መልእክተኛው።»

«ሌላው ባይስማማስ?»

ጥሩ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይኸ ልጅ ጠበቃ ሊሆንብን ነው!»

እሱ ግን አልሳቀም። «መልእክተኛው ውሉን ይዞ አገሩ ይገባል። አገሩ መክሮ ካላጸደቀው፣ ፊርማው ብቻውን አያስርም» አለኝ።

ሰኔ ሲገባ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሟች ወንድሞች ሦስት ናቸው፤ ታናሽየው ለቀን ሥራ መተማ ወርዷል። በእኛ ዘንድ የደም እርቅ ባለደሙ በሙሉ ሳይሰበሰብ አይወርድም። ሩቅ ያለ ይጠበቃል።

«መተማ ያለው ልጅ ይምጣ» አሉ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ቄስ። «ቢቆይ አንድ ወር ነው።»

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባ፣ ልጄ በረሃ አለቀ! መሬቱም ጦም ሊያድር ነው። ስለ ማርያም!»

አጎቴ ተነሣ። «አባ፣ ታላቅየው ስለ ታናሹ ይፈርም። አገር ሙሉ በአንድ ሰው እጅ ይፈረምለት የለም እንዴ? እኔ እጽፈዋለሁ።»

ቄሱ እናቴን ከወደቀችበት አነሷት። ከዚያ እሺ አሉ። ታላቅየው ስለ ታናሹም ፈረመ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አጎቴ ምድጃ ዳር የነገረኝን አልረሳሁም። በሽማግሌ ፊት ልጅ አይናገርም፤ ዝም ያልሁት ግን ለዚያ አይደለም። ወንድሜ እንዲመጣ ፈልጌ ነው።

መጣ። ከስቶ ነበር። ከመጣ ማግስት ጀምሮ አረሰ፤ እኔም ከኋላው ጓል እከሰክሳለሁ። አንድ ጠዋት ታናሽየው ከመተማ ተመልሶ ጠመንጃ ይዞ በማሳው ዳር መጣ።

«ታርቀናል እኮ» አለው ወንድሜ፣ እርፉን ሳይለቅ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ጥይቱ አንድ ነው።

አጎቴ ለቅሶው ላይ ደጅ ተቀመጠ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሄደ፤ ዳግመኛ አልመጣም።

ዛሬ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ። አገሮች ለምን እንደሚዋዋሉ፣ ለምን እንደሚተባበሩ ለልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የፈረመው ቢያፈርስስ?»

«ሌሎቹ ተሰብስበው ይወቅሱታል።»

«ብቻ?»

«አንዳንዴ ብቻ» አልኋት፤ ጥቁር ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ሬዲዮ አገሮች ተፈራረሙ ሲል ሰዎች ደስ ይላቸዋል። እኔ «መተማ ያለው ማነው?» እላለሁ። ከአጎቴ ተረት ሁሉ የቀረልኝ ይህ ነው፤ ለልጆቼ አላወራውም።

ጥሩ አግብታ እስቴ ገባች። እናቴ ዐርፋለች። የሟቹ ጎረቤታችን ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞች በቀል ፈርተው አገር ለቀቁ፤ ቤታቸው ፈርሷል። ታናሽየው ታስሮ ተፈታ። ከእኛም ከእነሱም ቤት በዚያ መንደር የቀረው እሱ ብቻ ነው።