ለወንድሜ ያለሰለስኩት ታኬታ

የባለቤቴ የደምሌ አርባ ወጥቶ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ብዬ ሣጥኑን ስከፍት፣ ከልብሱ በፊት ሽታ ወጣ፤ የሞራና የቆዳ ሽታ። ደምሌ ገበሬ ነበርና መጀመሪያ የቀንበሩ ማሰሪያ የጠፍሩና የምራኑ መሰለኝ። ከታች ግን በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ አገኘሁ። የሠርጌ ጫማ ነው። አንድ ቀን እንኳ አድርጌው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ተጥሎ የኖረ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቆ መገኘት ነበረበት፤ እጄ ላይ ግን እንደ ጥጃ ጆሮ ለስልሶ ታጠፈ። ቆዳ እንዲህ የሚሆነው በየጊዜው የሚቀባው ሰው ሲኖር ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ያወቅሁት ከወንድሜ ከአለኸኝ ታኬታ ነው።

አባታችን በጃንሆይ ዘመን ወረታ ላይ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ቤታችን ከጎንደሩ መንገድ ዳር ነበር፤ ከፊት የጭነት መኪና አቧራውን ያለብሰናል፣ ከጓሮ ጨው የተነሰነሰበት የፎገራ ከብት ቆዳ ተደራርቦ ይከረፋል፣ እንግዳ አፍንጫውን በነጠላው ሲይዝ እኔና አለኸኝ እየተያየን እንስቃለን። የወረታ ትምህርት ቤት ያኔ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። አለኸኝ ታላቄ ቢሆንም አብረን ስለጀመርን አብረን አራተኛ ደረስን፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ጎንደር መሄድ ነበረበት። መስከረም ላይ አባባ እግራቸውን ሳጥባቸው፣ «አለኸኝ ብቻውን ጎንደር ምን ይበላል? በሚመጣው ዓመት አንቺም አብረሽው ትሄጃለሽ፤ ታበስይለታለሽ፣ ትማሪያለሽም» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አለኸኝ ኳስ ተጫዋች ነበር። ክረምቱ ሲወጣ፣ የርብ ወንዝ ጎርፍ ከሜዳው ሲሸሽ፣ ከብቱ የጋጠው ሣር ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚይዘው አልነበረም። የጎንደር ተማሪዎች ግን በታኬታ እንደሚጫወቱና የባዶ እግረኛን ጣት ረግጠው እንደሚያስለቅሱ ሰምቶ አባባን ነዘነዛቸው። ኅዳር ላይ እሺ አሉ። በዚያ ዘመን ጎንደር ጫማ የሚያስገዛ ሰው የእግሩን ልክ በስንደዶ ይለካል፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ቆርጦ ለሾፌር ይሰጣል። አባባ የአለኸኝን ለክተው ሲጨርሱ «የባንቺንም እንያዝ» ብለው የእኔንም ለኩ። ለጎንደር ትምህርት ቤት ነው አልኩ በልቤ። የእኔ ከእሱ በጥፍር ያህል ብቻ ስለሚያንስ እንዳይምታታ ብዬ ከቀሚሴ ጫፍ ቀይ ክር መዝዤ አሰርኩበትና፣ ሁለቱንም ለሾፌሩ እንዲያደርስ ለአለኸኝ በእጁ ሰጠሁት።

ሾፌሩ ሁለት ጥንድ ታኬታ ይዞ መጣ፤ ያልተመረጠው ይመለሳል። አንዱ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ፤ ሌላው ቡናማ፣ እንደ ድንች የተጎባበጠ። አለኸኝ ጥቁሩን አቀፈው። እኔ ግን የቆዳ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ጥቁሩን ሳጥፈው እንደ ሊጥ ተዘረጋ፣ ከሆድ የወጣ ቆዳ ነው። ቡናማው ከጀርባ የተቆረጠ፣ ታጥፎ የሚመለስ ነበር። «ይኼን ውሰድ፣ ያ በሦስት ዝናብ ጆንያ ይሆናል» አልኩት። ተነጫንጮ ሰማኝ። «የእኔስ?» ስል ሾፌሩ አለኸኝን አየው፤ አለኸኝ መሬቱን አየ። «ያንቺ ስንደዶ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው» አለኝ። አመንኩት።

አዲስ ታኬታ በለብ ያለ ውኃ ተነክሮ እግር ላይ ነው የሚደርቀው፤ ያኔ የእግሩን ቅርጽ ይይዛል። አለኸኝ ግን አንድ ዙር ሄዶ ተረከዙ ሲላጥ አውልቆ ወረወረው። ስለዚህ እኔ አደረግሁት። ጣቶቹ ላይ ጨርቅ ጎስጉሼ፣ ሥሩ የተቸነከሩት የቆዳ ጥርሶች መሬቱን እየበሱ፣ እንስራ አዝዬ ወንዝ እወርድበታለሁ፣ ጥጆች እመልስበታለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ከአጥራቸው ላይ ሆነው «ኧረ ባንቺ! ፈረስሽን የት ጥለሽ ነው ኮቴውን ብቻ ይዘሽ የመጣሽ?» እያሉ መንደሩን ያስቁብኛል። እግሬ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ፤ ታኬታው ለሰለሰ። አለኸኝ መልሶ ሲያደርገው «እንደ ካልሲ!» ብሎ ጮኸ።

አያያዙን አባባ አስተማሩን። መረሬው ጭቃ በርጥቡ አይፋቅም፣ ይድረቅና ይረግፋል፤ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ገለባ ይጠቀጠቅበትና ሞራ በእጅ ሙቀት እየቀለጠ ከስፌቱ ጀምሮ ይቀባል። አንድ ቀን ሞራ አልቆ እናቴ ቅቤ ሰጡን፤ እሳቸው ዘንድ ቅቤ ማለት በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ነው። ያን ዕለት አለኸኝ ሜዳ ሲገባ የወረታ ውሻ ሁሉ አብሮት ገባ። ሊጋጠሙን የመጡት የአንበሳሜ ልጆች ከሳቅ ብዛት መጫወት አልቻሉም፤ አለኸኝ ውሻ እየሸሸ ኳሷን ይዞ እስከ ግቡ ደረሰና አገባት። እኔም ከዳር ሆኜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው።

ጥር ላይ ቤታችን ጠላ ሲጠነሰስ ለማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ለእኔ ሠርግ ነበር። አለቀስኩ፣ አባባን ለመንኩ፤ «ነገሩ ድንገት መጣ፣ የሰው ፊት እንዴት ልመልስ» አሉኝ። ድንገት መጣ ስላሉ ትንሽ ቀለለኝ፤ ሳይዋሹኝ የደረሰብኝ መሰለኝ።

የሠርጉ ዕለት ጓዳ ተቀምጬ ሚዜዎቹ ጥሎሹን እያነሡ ሲያሳዩ፣ የእኛ ወገን «አነሰ! ይኼ ለእኛ ልጅ?» እያለ ሲያጥላላ እሰማለሁ። ጫማው ወጣ። እትዬ ጥሩ አላስቻላቸውም፤ «ልኳን በምን አውቃችሁ? ይልቅ ለእናንተ በቅሎ ይሆናል!» አሉ። ሳቅ ሆነ። ሚዜው እጁን ጫማው ውስጥ ከተተና «ይኸው ልኳ፣ እትዬ! ኅዳር ላይ ወንድሟ በእጁ ያቀበለን» አለ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ቀይ ክር የታሰረባት ስንደዶ ናት። አለኸኝ በሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ ታኬታውን አድርጎ።

ጫማውን እግሬ ላይ ሊያስገቡልኝ ሲሉ እግሬን ሰበሰብኩ። ባዶ እግሬን በቅሎ ላይ ወጣሁ፤ ቀሚሴ ሸፍኖት ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር። ደምሌ ግን አይቶ ኖሯል። ስለዚያ ጫማ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ጠፍሩን ሞራ በቀባ ቁጥር ለብቻው ተቀምጦ እሱንም ይቀባ እንደነበር ገና አሁን ገባኝ፤ አሁን ደግሞ ልነግረው ብል እሱ የለም።

አለኸኝ በዓመቱ ጎንደር ሄደ፤ ተማረ፣ ለትምህርት ቤቱ ተጫወተ፣ ሹም ሆነ። ለአርባው መጥቶ እዚሁ አድሮ ነበርና ጫማውን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሲያየው ከዘራውን መሬት ላይ ማሻሸት ጀመረ።

«አባባ ‘ስለ ሠርጉ ብትነግራት ጎንደርም ይቀርብሃል’ ብለውኝ ነው» አለ። «ልጅ ነበርኩ እኮ፣ ባንቺዬ።»

«ታኬታውን ሳለሰልስልህም ታውቅ ነበር?»

 ከማዶ ወደሚታየው፣ ዛሬ ሩዝ ወደሚዘራበት የድሮ ኳስ ሜዳ ፊቱን አዞረ።

እሱን ከሸኘሁ በኋላ ጫማውን ላደርገው ሞከርኩ፤ ተረከዜ ውጭ ቀረ። ውስጡን ስዳስስ ስንደዶዋን አገኘኋት፤ ክሩ ነጥቷል፣ ቋጠሮው ግን እኔ እንዳሰርኩት ነው። መሬት ላይ አጋድሜ እግሬን አጠገቧ አኖርኩ። ስንት ዘመን ጭቃ የረገጠ እግር ነው፤ ተንጋሎ ሰፍቶ በአውራ ጣት ያህል በልጧታል። ጎንደር ልትሄድ የነበረችው ልጅ እግር ይህችን ስንደዶ ያህል ነበረ።