ሁለት ቅጠል ያላት መረብ

ባለፈው ሰሞን በአዘዞ መንገድ ስመለስ ሴቶች እሸት ሽምብራ በእቅፍ እያሰሩ ሲሸጡ አየሁ። ገዝቼ እየፈለፈልኩ ስሄድ፣ የቅጠሉ ጨው ጣቴ ላይ ሲቀር፣ መምህሬ ጋሽ ታረቀኝ ትዝ አሉኝ።

ከሚሊኒየሙ ማግስት ጎንደር ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ጋሽ ታረቀኝ የሒሳብ መምህር ቢሆኑም ልባቸው የዳባት ስንዴ ላይ ነበር። የደጋ ስንዴ ይዳቀላል፤ የዘሩ ታሪክ እንደ ዛፍ እየተለየ ብቻ አይሄድም፤ ሁለት መስመር ተመልሶ ይገጥምና መረብ ይሆናል። እውነተኛውን መረብ ያየ የለም። እሱን ለመፈለግ ኮምፒውተር ከአንድ ግምት ይነሣል፤ አንዱን መስመር በላይኛው፣ በሚነሣበት ጫፉ ነቅሎ ሌላ ቦታ ይተክላል፤ ሌላ ግምት ይወለዳል። ጋሽ ታረቀኝ ዓመታት የደከሙት፣ ይህን እርምጃ በመደጋገም ብቻ ከየትኛውም መረብ ወደ የትኛውም መድረስ እንደሚቻል ለማረጋገጥ ነበር። የማይደረስበት ካለ፣ እውነቱ እዚያ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

ሥራውን እንደ ጨረሱ ጉበታቸውን ታመሙ። "ዘሐራ፣ አንብቢልኝና ይታተም" አሉኝ።

በማረጋገጫቸው ውስጥ ስህተት ያገኘሁት ቀሐ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ነው። ትልልቆቹ መረቦች ሁሉ እሺ ይላሉ። ሁለት ቅጠል፣ ማለትም ሁለት ዝርያ፣ ብቻ ባላት፣ አንደኛው ድቅል በሆነባት ትንሿ መረብ ግን፣ ድቅልነቱን ወደ ሌላው ማሻገር አይቻልም። ደጋግሜ ሳልኩት፤ እምቢ አለ።

አባቴ ስነግረው "ልጄ፣ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም" አለኝ። የመምህሬ ባለቤት እትዬ ውዴም እሳቸው በተኙበት ሆስፒታል በር ላይ እጄን ያዙ።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ክፉ ነገር ካለ ለኔ እንጂ ለሱ አትንገሪ። እሱን በሕይወት ያቆየው ይኸው ሥራ ነው።"

እሺ ብዬ ገባሁ። ጋሽ ታረቀኝ የወሰድኩላቸውን እሸት ሽምብራ አሸተቱት እንጂ አልቀመሱትም።

"አነበብሽው?"

"አዎ።"

"ታዲያስ?"

ዝም አልኩ።

"ሐኪሞቹም እንዲህ ዝም ይሉኛል" አሉ። "አንቺ እንኳ ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ድቅሉ አንዴ ይኼኛው፣ አንዴ ያኛው የሆነባቸውን ሁለቱን መረቦች በጣታቸው አንሶላው ላይ ሳሉ፤ ደግመው ሳሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተከትለውኝ የገቡት እትዬ ውዴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"የነቀልነው ከላይ ብቻ ነው" አሉ ጋሽ ታረቀኝ። "የታችኛውን ጫፍ፣ የሚገጥምበትን ብናዛውር አንድ እርምጃ ይበቃ ነበር። ከዚህች ትንሽ መረብ በቀር ብለሽ ጻፊው፤ ሸጋ አድርገሽ።"

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ስለ ታችኛው ጫፍ አዲስ ሐሳብ ይጠብቀኝ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ዐረፉ። ልቅሶው ላይ እትዬ ውዴ አቅፈውኝ "ያን ቀን ተቀይሜሽ ነበር" አሉኝ። "ግን እስከ መጨረሻው ሲያስብ ሰነበተልኝ።"

አሁን እኔም ወደ እሳቸው ዕድሜ ተጠግቻለሁ። ለታመመ ሰው ዝም የሚሉትን አልነቅፍም፤ አባቴም ያን ያለው ራርቶ ነው። ሆኖም ዝምታችን አንዳንዴ ሰውን ሳይሞት ከሰው ተራ ያወጣዋል። ጋሽ ታረቀኝ እስኪያርፉ ድረስ መምህሬ ነበሩ።