ገመድ ሳቢ የሌለው ኬላ

ባቡሩ ሲቃረብ መኪና የሚያግደው ክንድ ማንም ሳይነካው ወረደ! ዛሬ፣ አምቦ፣ ሳሎኔ ውስጥ በዓይኔ አየሁ።

ልጄ የላከችልኝ መጫወቻ ባቡር ነው። ክንዱን ስገጥም ኦቦ ቶሎሳ አጠገቤ ነበር፤ በጎጆ ከተማ መስመር ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ጓደኛዬ።

እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ የኬላ ገመድ ሳቢ ነበርኩ። ስንቴ እንዳስቆምኩት እሱ ይቁጠር።

«ካልሠራልህ ላስጠበቅኸኝ ሁሉ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ» አለኝ። ተወራረድን።

በመጀመሪያው ሙከራ ባቡሩ ክንዱን ገጭቶ ተገለበጠ። ለካ የለመደ እጄ ክንዱን ሐዲዱ ላይ ገትሮታል!

«አንተ ሰውዬ፣ ባቡርም ልትፈትሽ ነው?» ብሎ በሳቅ ፍርስ አለ።

ክንዱን ወደ መኪናው መንገድ አዞርኩት። ባቡሩ መጣ፤ ቀይ መብራት ብልጭ አለ፤ ክንዱ ወረደ። ባቡሩ እንዳለፈ ወዲያው ተነሣ። ያ አፈኛ ሹፌር እንኳ አጨበጨበ።

እኔ ግን ያኔ ሻዬን እስክጨርስ ብዬ ገመድ ሥር ያቆምኳቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ውርርዱን አሸንፌም «ቶሌ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ሻይህ ደግሞ አያልቅም ነበር!»

እናንተስ ኬላ ላይ ማን አስጠበቃችሁ? ከታች ጻፉልኝ። ስድብም ይፈቀዳል፤ ግን በተራ!