ከረግረጉ ዳር ያለው ጉድጓድ

በቀበሌያችን በቁሐር ሚካኤል፣ የረግረጉ ውሃ ሲሸሽ ከዳሩ አፈር እየቆፈሩ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት ሴት አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ውሃ የሚቀመጠው በእሳቸው እንስራ ነው።

ወረታ ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቼ አንዱ የቀበሌውን የረግረግ መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከብት የሚገባበትን ቀን ቆረጡና ወደ ሸክላው ጉዳይ አለፉ።

“ውሃው ከሸሸ ትቆፍር። ክረምት ሳይገባ ግን ጉድጓዷን ትድፈን፤ ጥጃ እንዳይገባበት።”

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው፣ “ጥጃችሁንም እኔው ልጠብቅላችሁ?” ቢሉ ሁሉም ሳቀ። ግን በየዓመቱ ሳያጓድሉ ይደፍኑ ነበር።

ዘንድሮ ከክልል መመሪያ መጣ። ከረግረግ አፈር ማውጣት ለማንም፣ በየትኛውም ወቅት ተከለከለ። አንድ የክልል ባለሙያ ቀበሌው ስብሰባ ላይ አነበበው። እኔ ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል። “የቀበሌው ደንብስ ምን ይሆናል?” ብዬ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ወደ ፊት አሳለፍሁ።

ባለሙያው ጮክ ብሎ አነበበና፣ “ማነው የጠየቀው?” አለ።

እጄ አልነሣ አለኝ። ከኋላ ሴትዮዋ ብድግ አሉ።

“እኔ ነኝ።”

“አንቺ ደግሞ መቼ ፊደል ቆጠርሽ?” አለ አንድ ገበሬ።

“ላንተ ምንህ ነው? መልሱን ይንገረኝ።”

“ከመመሪያው ጋር የሚቃረን የቀበሌ ደንብ አይጸናም” አለ ባለሙያው፣ ገጹን እየገለጠ።

ስብሰባው ሲበተን መኪናው ድረስ ተከትዬ ስለ ጉድጓዱ ነገርሁት። “እህቴ፣ ልክ ሳትሆኝ አትቀሪም” አለኝ። “እኔ ግን ላነብ ነው የተላክሁት። ማመልከቻ ጻፉ።”

ጉድጓዱ በየዓመቱ እንደሚደፈን ገልጬ፣ ደንቡን አያይዤ ለክልል ጻፍሁ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የራሴው ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሶ መጣ። ጥጉ ላይ “በመመሪያው መሠረት እንድትፈጽሙ” ይላል። ፈጻሚዋ እኔ ነኝ።

ለሴትዮዋ ልነግር ስሄድ ግቢያቸው ውስጥ ጭቃ ያሻሉ።

“ምን አሉ?”

“አልፈቀዱም።”

“ሽማግሌዎቹስ?”

“እነሱም አይችሉም።”

“አንቺስ?”

የተመለሰውን ማመልከቻ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

“ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ!” አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የገረማቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን እርጥብ ጆንያ ገልጠው አሳዩኝ። “ካምናው አፈር የተረፈኝ ይህች ናት። ለሁለት እንስራ ብትበቃኝ ነው። እሷ ስታልቅ ብቆፍር የሚከሰኝ ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኋቸው፤ ድምፄ የተሰማ አልመሰለኝም።

ተሰምቷል። “እንግዲያው ለክሱ በገበያ ቀን እንዳትመጪ፤ እንስራ ልሸጥ ይፋግ ነኝ” አሉ። ጣታቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቅፍቀው ከሚያሹት ጋር መልሰው ቀላቀሉት።