አምስተኛውን ጥራዝ ማን አጠፋው

የወንድሜ አርባ በወጣ ሳምንት ልጁ ሰናይት ደወለችልኝ። እሷና ጓደኞቿ የአንድ ደራሲ መጻሕፍት ወዳጆች የሚገናኙበት ድረ ገጽ አላቸው። ማንም አይከፍላቸውም፤ ከሥራ መልስ ነው የሚጽፉት። «ታሪካችን» የሚል ገጽ ከፍተው፣ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ወንድሜ ታምራት ባቋቋመው የንባብ ማኅበር ነው ብለዋል። ይኼ ልክ ነው። ከሥሩ ግን የማኅበሩን ደብተር ፎቶ ለጥፈዋል። በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ «አምስተኛውን ጥራዝ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላል። ይኼ ውሸት ነው። አንሺው አልኳት።

«ጋሼ፣ አባዬ በእጁ የጻፈውን እንዴት አነሳለሁ?»

እንግዲህ እኔም ልጻፍ። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ደግሞም እየተናደድኩ ነው የምጽፈው። በሞተ ሰው መናደድ ደስ አይልም፤ ግን እሱ ነው ያናደደኝ።

ያን ጊዜ ወንድሜ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ተማሪ። የዚያ ደራሲ መጽሐፍ በከተማው አንድ ብቻ ነበር፤ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩት መምህር መኩሪያ ናቸው የሰጡት። አንባቢው ብዙ ስለሆነ ወንድሜ መጽሐፉን በምላጭ አምስት ቦታ ከፈለው። እያንዳንዱን ጥራዝ በጫማ ሰፊ ክር ሰፍቶ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበደው። አምስት ሰው ባንዴ ያነባል ማለት ነው። ሦስት ቀን ይሰጥሃል፤ ስትመልስ ደብተሩ ላይ አስተያየት ካልጻፍክ ቀጣዩን አታገኝም። አንዱ «ባለታሪኩ ሞኝ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ከሥሩ «ሞኙስ አንተ» ይላል። ጥራዝ ያጠፋ ሰው ደግሞ ከማኅበሩ መጽሐፍ ዳግመኛ አያነብም። ደንቡ ይኼ ነበር። ያወጣው ወንድሜ ነው።

የማድረሱ ሥራ የእኔ ነበር። ከሰዓት ከተማው በሙሉ ተኝቶ ሳለ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋርጬ መጋላ ሰፈር እገባለሁ። ነጠላ ጫማዬ አሸዋው ላይ የሚቀልጥ ይመስለኝ ነበር። መጋላ የባለሱቁ የሐጂ ኑር ቤት አለ። ሚስታቸው ትኩስ ሳምቡሳ ሳያበሉኝ አይለቁኝም፤ በርበሬው ዓይን ያስለቅሳል። ልጃቸው አብዲ የወንድሜ ጓደኛ ነው። በቤታቸው የሚነገረው ሶማሊኛ ስለሆነ አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያልገባውን እነግረዋለሁ።

አራተኛውን ጥራዝ በጨረሰ ሰሞን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን አወጣው። ጉዞው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አምስተኛው ጥራዝ መምህር መኩሪያ ዘንድ ነበር፤ ቀናቸው የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ። አብዲ ሐሙስ ዕለት እኛ ቤት መጣ።

«ታሜ፣ አቦ፣ ልጅቷ ታገባዋለች አታገባውም? ይኼን ሳላውቅ ልዝመት?»

«ተራህ እሑድ ነው» አለ ወንድሜ።

«እሑድ የት እንደምሆን ታውቃለህ?»

«ለአንድ ሰው ካፈረስኩት ለሁሉም ፈረሰ።»

«እሺ በአፍህ ንገረኝ።»

«ያላነበብከውን አልነግርህም።»

«ወላሂ፣ ቀበሌው ካንተ ይሻላል። እሱ ሲጠራኝ ተራ ጠብቅ አላለኝም።»

ወንድሜ ሳቀ። ግን አልሰጠውም። አብዲ ሲወጣ ወንበሩን በእግሩ ገፋው፤ ወንድሜ አንስቶ ቦታው መለሰው።

አርብ ጠዋት በጋሪ ሳቢያን ሄድኩ። ለመምህሩ፣ «ስፌቱ ተፈቷል ተብሎ ነው፤ ወንድሜ ሊያድሰው ነው» አልኳቸው።

«ታምራት ከቀኑ በፊት ጠይቆ አያውቅም» አሉኝ። ቢሆንም በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ለአብዲ አደረስኩለት። እስከ ማታ ጨርስ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ልቀበለው ቀበሌው ግቢ ስሄድ መኪናው ላይ ወጥቷል። «አላለቀም፤ እልክልሃለሁ» አለኝ፤ ሸሚዙ ውስጥ ነበር። እጄን ብሰድ እደርስበት ነበር። አልሰደድኩም።

ማታውኑ መምህሩ አስተያየታቸውን ሊጽፉ መጡ። ጥራዙ የታለ ሲሉ ወንድሜ አንዴ አየኝና፣ «አጥፍቼዋለሁ» አለ። እሳቸው እያዩ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሲሄዱ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ይዞት ሄደ?» ብቻ አለኝ። አዎ አልኩት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ደንቡን በራሱ ላይ አዋለው። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ መጽሐፍ እየፈለገ አመጣ፣ ከፈለ፣ ሰፋ፣ ላከ። አንድ መስመር አላነበበም። ራት ላይ ታሪኩን ልነግረው ስጀምር ሳህኑን ይዞ ይነሳል።

«ደንቡን አንተ ነህ ያወጣኸው፤ አንተው አንሳው» አልኩት አንድ ቀን።

«ባወጣው ሰው ላይ ካልሠራ በማን ላይ ይሠራል?»

«ያጠፋሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ደብተሩ እንደዚያ አይልም» አለኝ። ከእሱ ጋር መነጋገር እንዲህ ነበር።

እሱ ያላወቀው ግን አለ። አብዲ በሄደ በሁለት ወሩ በትምህርት ቤቴ በኩል ደብዳቤ ደረሰኝ። «አራት ገጽ ይቀረኛል። እንዳያልቅብኝ በቀን ግማሽ ገጽ ነው የማነበው። ለእናቴ ደህና ነኝ በልልኝ» ይላል። አላልኩም። ደብዳቤውን አሳየን ይሉኛል፤ ካሳየሁ ጥራዙ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ወንድሜ በመምህሩ ፊት ውሸታም ይሆናል። ይኼን ነበር የማስበው። ከዚያ ወዲያ ከአብዲ ምንም አልመጣም። አራት ገጽ በግማሽ ገጽ ስምንት ቀን ነው። ያንን ስምንት ቀን እንኳ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሐጂ ኑርም፣ እናትየውም ሳይሰሙ ሞቱ።

ሰናይት ከደወለች ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ትናንት ደብዳቤውን ይዤ መጋላ ሄድኩ፤ እህቱ ሐሊማ ዛሬም እዚያው ቤት ናት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ለማንም ደብዳቤ አልጻፈም ነበር የምንለው» አለች።

ምክንያቴን ነገርኳት። ወንድሜን፣ ደብተሩን፣ መምህሩን።

«እናቴ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ትሄድ ነበር» አለችኝ። ደብዳቤውን አጥፋ ያዘችው። ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ።

ለሰናይት፣ የአባትሽን ጽሑፍ ተይው፣ ይኼን ግን ከሥሩ ለጥፊው ብያታለሁ። እሺ ብላለች። ስለ ደብዳቤው ለወንድሜ አንድም ቀን አልነገርኩትም። ብነግረው ኖሮ ይኼንንም የእኔ ጥፋት ነው ብሎ ይጽፈው ነበር።